ለመፍረስ የተፈረደበት ቤት ከሥሩ ምን ይዞ ነበር?

በፓሪስ መሐል፣ ከሴን ወንዝ ሰሜናዊ ዳርቻ ጥቂት ገባ ብሎ፣ ፍራንሷ ሚሮን የሚባል ጎዳና አለ። ከሳን ዠርቬ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ይወጣል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዚህ ጎዳና ቁጥር 44 እና 46 ላይ ያለው ቤት የወዳደቀ ነበር። ባለቤቱ የከተማው አስተዳደር ነው፤ አስተዳደሩ ደግሞ ቤቱን የያዘው ሊጠግነው ሳይሆን ሊያፈርሰው ነበር። በመንገዱ የሚያልፍ ሰው ልስኑ የተላላጠ፣ ያረጀና የተጎሳቆለ ሕንፃ ከማየት በቀር ሌላ ነገር አይታየውም። በፓሪስ እንዲህ ያለ ቤት በሺህ ይቆጠር ስለነበር ማንም ቆም ብሎ አያየውም ነበር።

ፍርዱ የመጣው ከሕንፃ ባለሙያ ሳይሆን ከጤና መዝገብ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ፓሪስ የሳንባ ነቀርሳ ከተማ ነበረች። የከተማው ባለሥልጣናት ከ1894 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ቤት ፋይል ከፍተው፣ በየትኛው ቤት ስንት ሰው በሳንባ ነቀርሳ እንደሞተ መመዝገብ ያዙ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መዝገቡ ተደምሮ ሲታይ 17 የከተማዋ ክፍሎች «ለጤና የማይበጁ» ተብለው ተለዩ፤ ለእያንዳንዳቸውም ተራ ቁጥር ተሰጣቸው። የፍራንሷ ሚሮን ጎዳና የሚገኝበት አካባቢ 16ኛው ሆነ። ከዚያ በኋላ አካባቢው በቁጥሩ ይጠራ ጀመር። መድኃኒቱም ማፍረስ ነው ተባለ፤ ጠባቡ መንገድ ይሰፋል፣ ጨለማው ግቢ ይከፈታል፣ ብርሃንና አየር ይገባል።

ገንዘቡ ስላልነበረ ውሳኔው ሃያ ዓመት ያህል ወረቀት ላይ ቆየ። የመጀመሪያው ከባድ እርምጃ የተወሰደው ፈረንሳይ በጀርመን ከተያዘች በኋላ ነው። ከ1941 ጀምሮ ቤቶቹ በአዋጅ ለከተማው ይወረሱ ጀመር። በአካባቢው ከነበሩት ተከራዮች ብዙዎቹ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አይሁድ ነበሩ፤ ልብስ ሰፊዎች፣ ቆዳ ሠራተኞች፣ አነስተኛ ነጋዴዎች። በሐምሌ 1942 የፓሪስ ፖሊስ በሁለት ቀን ውስጥ ከ13,000 በላይ አይሁድን አፍሶ ሲያስር የዚህ ሰፈር ሰዎችም አልቀሩም። የቤቶቹ መውረስና የሰዎቹ መጥፋት እኩል ሄዱ። ስለዚህ የቤቱን ታሪክ የሚናገር ሰው ቤቱ እንዴት ባዶ ሆነ የሚለውን ዘሎ ማለፍ አይገባውም።

ጦርነቱ ሲያልቅ አካባቢው ግማሹ ፈርሶ፣ ግማሹ ፈራሽ ሆኖ ቀረ። ዕቅዱን ከያዙት አርክቴክቶች አንዱ የሆነው አልቤር ላፕራድ ሁሉንም ጠርጎ ማፍረስ አያስፈልግም የሚል አቋም ነበረው፤ በየግቢው ውስጥ በየዘመኑ የተለጣጠፈውን ተጨማሪ ግንባታ አንሥቶ ዋናውን ቤት ማትረፍ ይቻላል ይል ነበር። አንዳንዱ ቤት በዚህ ዘዴ ተረፈ፣ ሌላው ፈረሰ። ቁጥር 44 እና 46 ግን ተራውን እየጠበቀ ቆሞ ነበር።

በ1962 ሁለት ነገሮች ተከሰቱ። በነሐሴ ወር በባህል ሚኒስትሩ በአንድሬ ማልሮ ስም የሚጠራው ሕግ ወጣ። እስከዚያ ድረስ ሕግ በዋናነት የሚጠብቀው በነጠላ የተመዘገበን ሐውልት ወይም ቤተ መንግሥት ነበር፤ አዲሱ ሕግ አንድን ሰፈር እንዳለ፣ ከነተራ ቤቱ፣ መጠበቅ የሚቻልበትን መንገድ ከፈተ። በዚያው ዓመት ማሬ በሚባለው በዚህ ሰፈር ሚሼል ሮድ የተባለ ሰው የቴአትርና የሙዚቃ ፌስቲቫል ጀመረ። ትርኢቱ የሚቀርበው በአሮጌዎቹ መኳንንት ቤቶች ግቢ ውስጥ ነው። ግቢዎቹ ግን በመጋዘንና በቆርቆሮ ዳስ የታጨቁ ስለነበሩ ትርኢት ከማሳየት በፊት ማጽዳት ግድ ነበር። ወጣቶች እየመጡ ያጸዱ ጀመር። ከዚህ እንቅስቃሴ በ1963 ማኅበር ተወለደ፤ ስሙም ፓሪ ኢስቶሪክ፣ ማለትም ታሪካዊቷ ፓሪስ ተባለ። ማኅበሩ የመረጠው ማንም ያልፈለገውን ቁጥር 44 እና 46ን ነበር።

የበጎ ፈቃደኞቹ ሥራ ከላይ ወደ ታች ነበር። የተከመረው ቆሻሻ ይወጣል፣ የበሰበሰው ወለል ይነሣል፣ ከዚያ ወደ ምድር ቤቱ ይወረዳል። ምድር ቤቱ በአፈርና በፍርስራሽ ተሞልቶ ነበር። በፓሪስ የአሮጌ ቤት ምድር ቤት እንዲህ ሆኖ ማግኘት አዲስ ነገር አይደለም፤ ከላይ የፈረሰ ግድግዳ ሁሉ መጨረሻው እዚያ ነው። ሆኖም አካፋው ወደ ታች እየገባ ሲሄድ ከአፈሩ ውስጥ ዓምድ ብቅ አለ። ክብ፣ ወፍራም፣ አጭር፣ በጥንቃቄ የተጠረበ። ከዓምዱ ራስ ላይ ደግሞ የተጠረቡ የድንጋይ ጎድኖች ተነሥተው፣ በጣሪያው ላይ እየተሻገሩ ወደሚቀጥለው ዓምድ ይወርዳሉ። አፈሩ በተነሣ ቁጥር ሌላ ዓምድ፣ ሌላ ቅስት ይወጣል። ከላይ ያለው ቤት የ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሥራ ነው። ከታች ያለው ግን በዚያ ዘመን የተሠራ ሊሆን አይችልም።

ለምን እንደማይችል ለመረዳት ጣሪያውን ጠጋ ብሎ ማየት ይበቃል። በእንዲህ ያለ ቅስት ጣሪያ ላይ ሁለት ጎድኖች ከአራት ማእዘን ተነሥተው መሐል ላይ ይሻገራሉ። ግንበኛው መጀመሪያ ከእንጨት የቅስቱን ቅርጽ ይሠራል፤ በዚያ ላይ ጎድኖቹን ይደረድራል፤ መሐል ላይ የሚያስራቸውን ድንጋይ ሲያስገባ ጎድኖቹ ራሳቸውን ችለው ይቆማሉ። ከዚያ በጎድኖቹ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ በቀለል ያለ ድንጋይ ይሞላዋል። የእንጨቱን ቅርጽ ነቅሎ ወደሚቀጥለው ክፍል ይዞት ይሄዳል። በዚህ ዘዴ ክብደቱ ሁሉ ተሰብስቦ በዓምዶቹ በኩል ወደ መሬት ይወርዳል፤ ስለዚህ ወፍራም ግድግዳ ሳያስፈልግ ሰፊ ክፍል ማግኘት ይቻላል። ኖትር ዳም የተሠራችውም በዚሁ ዘዴ ነው። የዓምዶቹ ራስ ቅርጽና የጎድኖቹ አጠራረብ ሲታይ ሥራው የ13ኛው መቶ ዓመት፣ የጎቲክ ዘመን ሥራ ነው። በሌላ አነጋገር ወጣቶቹ የቆሙበት ቦታ ከላያቸው ካለው ቤት በ300 ዓመት ያህል ይበልጣል።

ቀጣዩ ጥያቄ በ13ኛው መቶ ዓመት እዚህ ቦታ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ማን ያሠራል የሚለው ነው። መልሱ ከፓሪስ ውጭ ነው። ከከተማዋ በስተሰሜን፣ በኑዋዮን ከተማ አጠገብ፣ በዋዝ ወንዝ ዳር ኡርስካም የሚባል ገዳም አለ። በ1129 የተመሠረተ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ መነኮሳት ከክሌርቮ ገዳም የመጡ ነጭ ለባሽ ሲስተርሲያኖች ነበሩ። የሲስተርሲያን ሥርዓት መነኩሴ በእጁ ሠርቶ እንዲበላ ያዛል። ሠርተው በሉ፤ ተረፋቸውም። በመቶ ዓመት ውስጥ ገዳሙ ሰፊ የእርሻ መሬት ያለው ትልቅ አምራች ሆነ። ያመረተውን የሚሸጠው ደግሞ ገዢ ባለበት ነው፤ ገዢ ያለው ፓሪስ ነው። ለዚህ ሲባል ገዳሙ በከተማዋ፣ በዚህ ቦታ ላይ ቤት ያዘ። እህሉና ወይኑ ከሥር ባለው ጎተራ ይከማቻል፤ ከገዳሙ ለጉዳይ የሚመጡ መነኮሳት ከላይ ያድራሉ።

ቦታው በዘፈቀደ የተመረጠ አልነበረም። ከቤቱ ብዙም ሳይርቅ፣ ዛሬ የከተማው ማዘጋጃ ቤት ባለበት ስፍራ ፊት፣ የግሬቭ ወደብ ነበር። በጀልባ የሚመጣ እህል፣ ወይን፣ ድርቆሽና እንጨት የሚራገፈው እዚያ ነው። ጎዳናው ራሱ ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ ወደ ምሥራቅ የሚያስኬድ አሮጌ መንገድ ነው። ከዚህም በላይ የሳን ዠርቬ አካባቢ ከዙሪያው ጥቂት ከፍ ያለ መሬት ነው። የሴን ወንዝ ሲሞላ ሰሜናዊው ዳር ይጥለቀለቃል፤ ይህ ጉብታ ግን በአብዛኛው ይተርፋል። እህል የሚያከማች ሰው ወደብ አጠገቡ የሆነ፣ ውሃ ግን የማይደርስበት ቦታ ይፈልጋል። መነኮሳቱ ያገኙት ልክ ይህንኑ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው የመነኮሳቱ ብልሃት ነው። የኋለኞቹ ግንበኞች ውሳኔ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1585 ከጎተራው በላይ የነበረው ቤት ፈርሶ በቦታው ዛሬ የሚታየው ተሠራ። ዘመኑ ተለውጦ ነበር። ቅስትና ጎድን ያረጀ ያፈጀ የሚባልበት፣ ከጣሊያን የመጣው አዲስ የአሠራር ስልት የሚከበርበት ጊዜ ነው። ግንበኞቹ ጎተራውን ለመውደድ ምንም ምክንያት አልነበራቸውም። ይሁንና አልነኩትም። ሲሰላ ነገሩ ግልጽ ነው። ጎተራውን አፍርሶ አዲስ መሠረት መቆፈር በጠባብ መንገድ ላይ ብዙ ጋሪ ድንጋይ ማመላለስ ነው። የነበረው መሠረት ደግሞ የሚያስፈልገውን ክብደት ይሸከማል። አዲሱን ቤት በአሮጌው ጀርባ ላይ አቆሙት። የነባሩ ዓምድና ግድግዳ አሰላለፍ የአዲሱን ቤት ቅርጽ ከታች ሆኖ ይመራው ጀመር። በግቢው በኩል ብዙውን ግድግዳ በእንጨት አውታር ሠሩት፤ እንጨት ከድንጋይ ስለሚቀል ከሥር ያለውን ቅስት አያስጨንቀውም።

የተገኘው ነገር ዜና ሲሰማ የቤቱ ፍርድ ተቀለበሰ። በ1966 ቤቱ በታሪካዊ ሐውልትነት ተመዘገበ። ሰፈሩም በማልሮ ሕግ መሠረት ከሁለት ዓመት አስቀድሞ፣ በ1964፣ 126 ሄክታር ያህል ሆኖ ጥበቃ የሚደረግለት ክልል ተብሎ ነበር። የበጎ ፈቃደኞቹ ጥገና ግን በአዋጅ የሚያልቅ አልነበረም፤ ለብዙ ዓመታት ቀጠለ።

በዚሁ ጎዳና ላይ ወደ ሳን ዠርቬ ቀረብ ብለው ቁጥር 11 እና 13 ላይ የቆሙት ሁለት ቤቶች ግን የተገላቢጦሽ ታሪክ አላቸው። ዛሬ ለጎብኚ «የመካከለኛው ዘመን ፓሪስ» ተብለው ከሚታዩት ነገሮች ቀዳሚዎቹ ናቸው። ቀጠን ብለው ረዥም ናቸው፤ የእንጨት ቋሚያቸው፣ ማገራቸውና ሰያፍ ድጋፋቸው በግንባራቸው ላይ ወጥቶ ይታያል። አሠራራቸው በመርሁ ከእኛ አገር የጭቃ ቤት አይርቅም፤ እንጨቱ ይሸከማል፣ በመሐሉ የተሞላው ነገር ንፋስና ብርድ ይከላከላል። በፓሪስ የሚሞላው ግን ብዙውን ጊዜ ጀሶና ፍርስራሽ ድንጋይ ነው፤ በከተማዋና በዙሪያዋ የጀሶ ድንጋይ ይገኛልና።

እነዚህ ሁለት ቤቶች እንደዛሬው ይታዩ የነበሩት ሁልጊዜ አይደለም። በ17ኛው መቶ ዓመት የወጡ የከተማ ደንቦች የእሳት አደጋን ለመቀነስ የእንጨት ግንባር በጀሶ እንዲለሰን አስገደዱ። ፓሪስ አብዛኛውን እንጨቷን በዚህ መንገድ ሸፈነች። ቁጥር 11 እና 13 ልስናቸው ተነሥቶ እንጨቱ ሲገለጥ ጊዜው 1967 ነበር፤ የጎተራው ቤት ከተመዘገበ ከአንድ ዓመት በኋላ። የተገለጠውን እንጨት ያየ ሰው ሁሉ የ14ኛው መቶ ዓመት ቤት አየሁ አለ። በኋላ የመጡ ጥናቶች ግን ቤቶቹን ዝቅ አድርገው ወደ 16ኛው መቶ ዓመት ያቀርቧቸዋል፤ በጥገናው ጊዜም ብዙ ነገር ታድሷል። በፓሪስ እስካሁን ከቆሙት ቤቶች የጥንቱ የሚባለው በሞንሞራንሲ ጎዳና ቁጥር 51 ያለው የኒኮላ ፍላሜል ቤት ነው፤ በ1407 የተሠራ፣ ግንባሩም ድንጋይ እንጂ እንጨት አይደለም። እንግዲህ በአንድ ጎዳና ላይ ጥንታዊ የሚመስለው ያን ያህል ጥንታዊ ሳይሆን፣ ምንም የማይመስለው ደግሞ ከሥሩ 13ኛውን መቶ ዓመት ይዞ ተገኘ።

ወደ ምሥራቅ ትንሽ ስንሄድ ቁጥር 68 ላይ የቆመው ታላቅ ቤት፣ ኦቴል ደ ቦቬ፣ ነገሩ የአንድ ቤት አጋጣሚ እንዳልነበረ ያሳያል። ያሠራችው ካትሪን ቤልየ ናት፤ የሉዊ 14ኛ እናት የንግሥት አን የቅርብ አገልጋይ የነበረች፣ አንድ ዓይና በመሆኗ የምትታወቅ፣ በቤተ መንግሥት ቅርበቷ ሀብትና ማዕረግ ያገኘች ሴት። ባሏ ፒየር ደ ቦቬ ነው። አርክቴክቱ አንቷን ለ ፖትር በ1650ዎቹ ሥራውን ሲጀምር የተሰጠው ቦታ ጎባጣና ማእዘኑ የተዛባ ነበር፤ ከሥሩም የመካከለኛው ዘመን ግንብ መሠረት ነበረበት። ከመሠረቱ መካከል ሻሊ የሚባለው ሌላ የሲስተርሲያን ገዳም በፓሪስ ያሠራው ቤት ጎተራ ይገኛል። እሱም የ13ኛው መቶ ዓመት፣ እሱም ጎድን ባላቸው ቅስቶች የተሠራ።

ለ ፖትር የነበረውን መሠረት ከመንቀል ይልቅ በላዩ ላይ መንደፍን መረጠ። ችግሩን የፈታበት መንገድ በአውሮፓ የሥነ ሕንፃ መጻሕፍት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። የቦታውን መዛባት በግድግዳዎቹ ውፍረት፣ በደረጃውና በትንንሽ ክፍሎች ውስጥ ደበቀው፤ መሐል ላይ ግን ወደ ኋላ እየጠበበ በግማሽ ክብ የሚጨርስ፣ ግራና ቀኙ የተመጣጠነ ግቢ አወጣ። ግቢው ውስጥ የሚቆም ሰው ቦታው የተዛባ መሆኑን አያውቅም። በነሐሴ 26 ቀን 1660 ሉዊ 14ኛ ከአዲሷ ሙሽራው ከማሪያ ቴሬዛ ጋር ፓሪስ ሲገባ ንግሥት አን ሰልፉን ያዩት ከዚህ ቤት ሰገነት ላይ ሆነው ነው። በ1763 የሰባት ዓመቱ ሞዛርት ከቤተሰቡ ጋር አርፎበታል። በአብዮቱ ጊዜ ተወረሰ፣ ቆይቶም ለተከራዮች ተከፋፈለ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንደ ጎረቤቶቹ ወደ ከተማው እጅ ገባ። ከ2004 ጀምሮ የፓሪስ የአስተዳደር ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ነው። ዳኞቹ ከላይ ሆነው ይፈርዳሉ፤ የሻሊ መነኮሳት ጎተራ ግን ከታች ሕንፃውን እንደተሸከመ ነው።

ሁለቱን ጎተራዎች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው የተለመደው የቅርስ ታሪክ አይሠራም። በተለመደው ታሪክ አባቶች ያከብራሉ፣ ልጆች ይጠብቃሉ። እዚህ ግን መነኮሳቱ የሠሩት እህል እንዳይበላሽባቸው ነው። የ1585 ግንበኞች ያልነኩት ወጪ ለመቆጠብ ነው። ለ ፖትር የሕንፃ እንቆቅልሽ ፈታ እንጂ ጎቲክን አላደነቀም። በኋላ የመጡ ነዋሪዎች ፍርስራሽ መጣያ አደረጉት። የከተማው አስተዳደር ለሃያ ዓመት ያላፈረሰው ርኅራኄ ይዞት ሳይሆን ገንዘብ አጥቶ ነው። የጤና መዝገቡም ቢሆን የሞተውን ሰው ቆጠረ እንጂ ከሥር ምን እንዳለ አልጠየቀም። ልብ ብሎ የጠበቀው አንድም ሰው ሳይኖር ጎተራው 700 ዓመት ያህል ቆየ። የመቆየቱ ምስጢር ጠቃሚ መሆኑ ነበር፤ ጠቃሚነቱ ሲያልቅ ደግሞ መረሳቱ።

ይህ መንገድ ግን ዋስትና የለውም። በዚያው ሰፈር ከፈረሱት ቤቶች ሥር ምን እንደነበረ ዛሬ መመለስ አይቻልም፤ የተፈረደባቸው በግንባራቸው መልክና በሞት መዝገብ ነው፤ ወደ ምድር ቤታቸው የወረደ ሰው አልነበረም። ማሬ ከዳነ በኋላም የመጣው ነገር ሁሉ ደስ የሚያሰኝ አይደለም። ቤቱ ሲጠገን ዋጋው ወጣ፤ ዋጋው ሲወጣ ከጦርነቱ ተርፈው የተመለሱትና አዲስ የመጡት ሠራተኛ ቤተሰቦች ቀስ በቀስ ሰፈሩን ለቀቁ። ድንጋዩን የሚያድን ሕግ ተከራዩን ለማዳን አልተጻፈም ነበር።

የኡርስካም ቤት ዛሬ የፓሪ ኢስቶሪክ ማኅበር መቀመጫ ነው፤ ምድር ቤቱን ለጎብኚ የሚያሳዩትም በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ከመነኮሳቱ እስከ ማዘጋጃ ቤቱ በዚህ ጎተራ ላይ ከወሰኑት ሰዎች መካከል ምን እንደሆነ አውቀው፣ ምንም ጥቅም ሳይፈልጉበት፣ ይቆይ ያሉት በ1963 አካፋ ይዘው የወረዱት የመጀመሪያዎቹ ናቸው።